የአያቴ ቀኝ እግር

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ፣ ሠራተኛዋ የአሻራ ቀለሙን ክዳን ስትከፍተው ሽታው ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እንደ ስፒሪት፣ ደግሞም እንደ ቆየ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል፤ አንቺ ልብ ብለሽው አታውቂ ይሆናል። «አውራ ጣትሽን» ስትለኝ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። እንደ ሕፃን ልጅ! አርባውን የዘለልኩ አስተማሪ፣ ቦንጋ ውስጥ የስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ ሴትዮ! ከኋላዬ የተሰለፈው ባለባጃጅ «እትዬ፣ አይነክስም እኮ» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጣቴን ሰጠሁና ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን ጣቴን በቀሚሴ ስፈትግ ስፈትግ ቀሚሴን አበላሸሁት።

አንቺም እኮ ታዝበሽኛል። ባለፈው የታመመች ጓደኛችንን ልንጠይቅ ሄደን፣ አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ከሐኪሙ ጋር መግባባት አቅቷት «እባክሽ አስተርጉሚላት» ብለው ሲለምኑኝ፣ ጥዬ ወደ ደጅ ስወጣ አይተሽ ዝም አልሽ። ካፊኖኖ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ አማርኛውም እንጀራዬ ነው። ታዲያ ምን ሆና ነው ብለሽ ይሆናል። የሆንኩትን ዛሬ ልንገርሽ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያሳደገኝ አያቴ ነው፣ የአባቴ አባት። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ሞተ፤ እናቴ ወደ ሺሺንዳ በኩል ሌላ ባል አግብታ ሄደች፤ ልጅ ነበረች፣ አልፈርድባትም። ማንኪራ ላይ ጫካው ውስጥ ባለችው ቤታችን እሱ፣ ባሏ የሞተባት አክስቴና እኔ ቀረን። አያቴን «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ በቤታችን እንዲያ ነበር። ስለዚህ አሁንም «አንተ» ስለው ክብር የነሳሁት እንዳይመስልሽ። ክብሩንስ አገር ያውቀዋል። ድንበር የተጋፉ ጎረቤቶች፣ ባልና ሚስት የተኳረፉ፣ ላም የጠፋባቸው፣ ሁሉም ደጃችን ይመጣሉ። እሱ እንጨት እየፋቀ ያዳምጣቸዋል። ቀኑን ሙሉ ያዳምጣቸዋል። መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ ሁለት ቃል ይናገራል፤ ሰዎቹም ተነሥተው ቂጣቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። እንደሱ ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚሰማለት ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

ሥራው ንብ ማነብ ነበር። የኛ አገር ንብ አናቢ እንደ ዛሬው ሣጥን ደጅ ላይ ደርድሮ አይቀመጥም። ግንድ ቦርቡሮ ቀፎ ይሠራል፤ ውስጡን ጥሩ ሽታ ባለው ቅጠል ያጥናል፤ ከዚያ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ላይ ይዞት ይወጣል። አያቴ ወፍራም ሐረግ ገምዶ ወገቡንና ግንዱን አንድ ላይ ያስርና፣ ሐረጉን ወደ ላይ ወርወር፣ በእግሩ ደግሞ ግንዱን ቆንጠጥ እያደረገ ይወጣል። ትልቁ የቀረሮ ዛፍ ላይ ሲወጣ ከሥር ሆኜ ሳየው መጀመሪያ ሰው ነው፣ ቀጥሎ ዝንጀሮ ያክላል፣ ከዚያ በቅጠሉ መሃል የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነገር ብቻ ይሆናል። በቤታችን ደንብ፣ እሱ ዛፍ ላይ እያለ ከሥር ማንም አይናገርም። ስሙን መጥራት ቀርቶ ማሳል ነውር ነው። ፀሐይ በቅጠሉ መሃል እየሾለከች መሬቱን ነቁጥ በነቁጥ ታደርገዋለች፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። ሲወርድ ሰም፣ ጭስና እርጥብ የዛፍ ልጥ ይሸታል። ያን ሽታ አሁን ብትሰጪኝ ያለኝን ሁሉ እሰጥሻለሁ።

አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም ብለን ነው የኖርነው። ቦንጋ ማር ይዘን ስንሄድ ከሌላ አገር የመጡትን ነጋዴዎች የማናግርለት እኔ ነበርኩ፣ ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ። እሱ ጋቢውን አጣፍቶ ከኋላዬ ይቆማል። ነጋዴው ሲያናግረው በአገጩ ወደኔ ያመለክታል፤ «ልጅቷን አናግር» ማለቱ ነው። ወይ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት! የማንኪራ ሽማግሌ ሁሉ የሚፈራው ሰው አፉን ለኔ የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አስተማሪ የሆንኩት በዚያ ኩራት ነው።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በየትምህርት ቤቱ በራሳችን ቋንቋ ማስተማር ተጀምሮ ነበርና አስተማሪ በብርቱ ይፈለግ ነበር፤ እኔም ቦንጋ የመምህርነት ሥልጠና ገባሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ገበያ የመጣች ጎረቤታችን ከግቢው በር ላይ አስጠራችኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለችም። «አያትሽ ወድቋል» አለችኝ። መቼ ብላት፣ «አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ፈተና አላት፣ እንዳትነግሯት ብሎ ነው» አለች።

ያን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ጫማዬን ጭቃው ነጥቆኝ በባዶ እግሬ ገባሁ። ቤቱ በር ላይ ስደርስ የቆመችው አክስቴ ሳትሆን ሽታው ነው የተቀበለኝ። አያቴ መደብ ላይ ተጋድሟል፤ ሲያየኝ ሊቀመጥ ሞከረና ተወው። ባዶ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ሐረጉ ከድቶት ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ወጌሻው መጥቶ በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ አሥሮታል። ክፉ ሰው አልነበረም ወጌሻው፤ የስንቱን ክንድ የጠገነ ሰው ነው፣ ያን ቀን ግን አጠበቀው። እሥሩን በቢላዋ በጠስኩት። ጣቶቹ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ስነካቸው አልተሰማውም።

«ነገ ቦንጋ ትሄዳለህ» አልኩት።

«አልሄድም።»

«ያዩህና ትመለሳለህ።»

ጣሪያውን አየ። «ለማየት ብቻ ከሆነ እሺ» አለ። «ትመልሺኛለሽ?»

«እመልስሃለሁ» አልኩት። በአባቴ አፅም ነው የማልኩለት።

በማግስቱ ማለዳ የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው መጡ። ማን ቀርቶ! እሱ ያስታረቃቸው፣ የገሠጻቸው፣ ልጆቻቸውን የመረቀላቸው ሁሉ መጡ። አራት አራት እየሆኑ ይሸከማሉ፤ ሲደክማቸው ሌሎቹ ትከሻ ይሰጣሉ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። እሱ በጀርባው ተኝቶ ቅጠሉን እያየ ይሄዳል። አንዳንዴ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስርና «ያ የኔ ነው» ይላል። ቀና ስንል ቀፎ ተሰቅሏል። ትንሽ እንሄድና ደግሞ «ያም የኔ ነው» ይላል። ከኋላ ሆኜ ስሰማው አንጀቴን በላው። ወንዶቹም ዝም አሉ፤ ዛፍ ላይ እንዳለ ሁሉ ማንም አልተነፈሰም።

የትኛው ሐኪም ቤት እንደሆነ ተይው። ሐኪሙ ከሰሜን የመጣ ወጣት ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ግን ትሑት። አያቴን «አባቴ» እያለ ነው የመረመረው። ካፊኖኖ አይችልም። አክስቴ ደግሞ አማርኛ አትችልም፤ ዳቦ ልግዛለት ብላ ወጥታለች። የተሸከሙት ሰዎች ደጅ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ፣ አያቴና እኔ ብቻ ነን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ለመሰማማት ጮክ ማለት ነበረብን።

«ለአባታችን ንገሪልኝ» አለ ሐኪሙ። «እግራቸው ሞቷል። ዛሬውኑ ከጉልበት በላይ ካልቆረጥነው መርዙ ደማቸው ውስጥ ይገባል። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው የሚቆዩት። ከተቆረጠ ይድናሉ። እምቢ ካሉ ግን አላስገድዳቸውም፤ የሳቸው ገላ ነው።»

ይህን በትክክል ነገርኩት። እምልልሻለሁ፣ አንድ ነገር አላስቀረሁም።

አያቴ እግሩን አየው፣ ከዚያ ሐኪሙን አየው። «እግዜር ይስጥልኝ በይው» አለኝ በቋንቋችን። «ጥሩ ልጅ ነው። እግሬን ግን አልሰጥም። ሰው ደግፎኝ ደጅ እየወጣሁ፣ ዛፌን ከሥር እያየሁ መኖር አልፈልግም። ሙሉ ሰው ሆኜ ቤቴ ልሙት። መልሺኝ፣ ብለሽኝ የለ?»

ሐኪሙ «ምን አሉ?» አለኝ።

አሁን እዚህ ላይ ልቤ ምን ይመስል እንደነበር ልንገርሽ ብል አልችልም። ዓለም ላይ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እሱ ከሞተ ማን ነኝ? የማን ልጅ ነኝ? ስንመለስ በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ጫካ እግሩ እየሸተተ ተሸክመነው ስንሄድ ታየኝ። አፌ ራሱን ችሎ ተናገረ።

«እሺ ብለዋል» አልኩ።

ሐኪሙ ትክ ብሎ አየኝ። «ረዘም ያለ ነገር ነው እኮ የተናገሩት።»

«ፈርተዋል። ግን አንተ እንዳልክ ይሁን ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ ብለዋል።»

እግዜር ይስጥልኝ ያልኩት እውነቴን ነበር። አየሽ ውሸት እንዴት እንደሚሠራ? ትንሽ እውነት ይቀላቀልበታል።

ነርሷ ወረቀትና የቀለም ሳጥኗን ይዛ ገባች። ክዳኑን ስትከፍተው ያ ሽታ ወጣ። አያቴ ላይ አጎነበስኩና «ቁስሉን አጥበው ነው የሚመልሱህ፤ ለሱ አሻራ ይፈልጋሉ» አልኩት። በካፊኖኖ፣ በገዛ ቋንቋችን። ፊቱን ማየት አቅቶኝ ቀለሙን ነበር የማየው። ሲያየኝ ግን ይታወቀኛል። ረጅም ጊዜ አየኝ። ልለምነው አፌን ስከፍት፣ እሱ ራሱ እጁን አነሣና አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ። አመነኝ ብዬ ልቤ ወረደ። ሰው ሲያምንሽ እንደዚያ ቀን ያለ ሐፍረት የለም።

አክስቴ ዳቦዋን በሻሽ ቋጥራ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። «የት ወሰዱት?» አለች። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «ሐኪሙ መቆረጥ አለበት ብሎ ወሰደው» አልኩ። ሐኪሙ! አንዱ ውሸት ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደረብኩበት። አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየመታች ሐኪሙን ረገመችው። የተሸከሙት ወንዶች ሰምተው መጡ፤ እነሱም ረገሙት። እኔ መሃላቸው ቆሜ አለቀስኩ፤ ለአያቷ አዝና ነው ብለው አባበሉኝ።

ሲነቃ መጀመሪያ ውኃ ጠየቀ። ጠጣ። ቀጥሎ «የት አደረጉት?» አለኝ።

«ምኑን?»

«እግሬን።»

ሄጄ ለምኜ ተሰጠኝ። አክስቴ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላው ማንኪራ ወሰደችው። ከቤታችን ጓሮ ተቀበረ። ለቀስተኛ ሁሉ መጥቶ ነበር አሉኝ፤ እኔ እሱ ዘንድ ስለቀረሁ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር። ሰው «ተርፎልሻል፣ እግዜር ይመስገን» ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ግን መኖር ነው እንዴ እሱ? ዱላ ጠርቦ ለራሱ ምርኩዝ ሠራ። ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣል። የጎረቤት ጎልማሶች «እኛ እንወጣልሃለን» ብለው ቀፎዎቹን ሲያዩለት፣ ዛፉ ሥር ድረስ በምርኩዙ ይሄድና ዝም ብሎ ይቆማል። አንገቱን ወደ ላይ እንዳቀና ይቆያል። ሲወርዱ «ደህና ነው?» ይላል። «ደህና ነው» ይሉታል። እሱ ግን ሳያየው ያውቃል፤ ንቡ እየለቀቀ ነበር። አንዱ ቀፎ ባዶውን ቀረ፣ ሁለተኛውም ተከተለ። እሱ ራሱም ድርቆሽ ብቻ እንደበላ ከብት ከሳ። ሽማግሌዎች ለሽምግልና ሲጠሩት «ወደ እገሌ ሂዱ» ማለት አመጣ።

እኔ ተመርቄ ሺሺንዳ ተመደብኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ስመጣ ሳሙና፣ ስኳር፣ አንድ ጊዜም ሹራብ ይዤለት መጣሁ። እግሩን ቆርጬ ሹራብ! መንደሩ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሐኪሙን ይረግማል። «ያ ከሰሜን የመጣው» ይሉታል፤ ቆራጩ ይሉታል። ምስኪኑ ልጅ ሌላ አገር ተዛውሮ ሄዷል፤ የሆነውን አንድም ቀን አያውቅም። ርግማኑ ሲወርድ እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ ወይ ደጅ እወጣለሁ። አያቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አብሯቸው ሐኪሙን ሲረግም አልሰማሁም። እኔንም አልተናገረኝም። አንዲት ቃል! ስድብ አማረኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? «ዋሽተሽኛል፣ ከፊቴ ጥፊ» ባለኝ ብዬ በየቅዳሜው እየጸለይኩ ነው የምመጣው። እሱ «መጣሽ?» ይለኛል፤ «ልጆቹ ጎበዞች ናቸው?» ይለኛል። በቃ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በጓሮ በኩል ባለው አቋራጭ መጣሁ። እንሰቱ መሃል ስደርስ ከደጃችን የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ወንዶች በአማርኛ እያወሩ ነው። አንዱ የከተማ ሰው ነው፤ በኋላ እንዳወቅኩት ደን ሊከልል የመጣ የመንግሥት ባለሙያ ነበር፣ መንገድ መሪው ሌላ ቤት ደርሶ እስኪመለስ እየጠበቀው ነበር። ሁለተኛው ድምፅ አሮጌ ነው። ቀስ ይላል፤ ወንዱን ከሴት ያቀላቅላል። ግን ይናገራል። አማርኛ ይናገራል።

አያቴ ነበር።

ባለሁበት ደረቅኩ። የእንሰቱ ቅጠል ላይ ያደረ ውኃ በአንገቴ ይወርዳል፤ መጥረግ እንኳ አልቻልኩም።

«አማርኛውን ከየት አገኙት አባቴ?» ይለዋል ባለሙያው።

«ድሮ» አለ አያቴ። «በጃንሆይ ጊዜ፣ ባላባት ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። ደሀ ይናገራል፣ እኔ ለዳኛው እናገራለሁ። ባላባቱ እንደፈለገው አድርጌ እናገራለሁ። የጎረቤቴ መሬት በኔ አፍ ሄደ። ልጆቿን ይዞ ከአገር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይሄን ቋንቋ በአፌ አላስገባሁም። ሚስቴ ራሱ አላወቀም።»

«ታዲያ ዛሬ እንዴት?»

«አንተ እንግዳ ነህ። ትሄዳለህ» አለና ሳቀ።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ባንድ ላይ ትዝ አለኝ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ሲቀልድ፣ አስተርጓሚው ሳይናገር የአያቴ ከንፈር ፈገግ ያለ መስሎኝ፣ ዓይኔ ነው ብዬ የተውኩት። ገበያ ላይ ነጋዴው ሲያታልለኝ ከኋላ ቀስ ብሎ ቀሚሴን የሚጎትተኝ። ወይ ጉዴ! ልቤ ሐኪም ቤቱ ክፍል ውስጥ ገባ። ሁሉን ሰምቷል ማለት ነው።

ባለሙያውም እዚያው ላይ ደረሰበት። «እግርዎንስ ምን ነካው?» አለው።

«ከዛፍ ወደቅኩ። ሐኪም ይቆረጥ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። የልጄ ልጅ ነበረች የምታስተረጉመው። እሷ ደግሞ ‹እሺ ብለዋል› ብሎ ነገረው።»

«ሰምተው ዝም አሉ?»

«ሰማሁ። አስተርጓሚ ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ድሮ የራሴ ፊት ነበር።»

«ታዲያ ለሐኪሙ አይነግሩትም ነበር? በአማርኛዎ!»

የአያቴ ምርኩዝ ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ። «ሐኪሙ ትልቅ ሰው ነው» አለ። «ልጄ ፊቱ ቆሟል። የተማረች ናት፤ ነገ አስተማሪ ትሆናለች። እኔ አፌን ብከፍት በሰው ፊት ውሸታም ሆና ልትቀር ነው። ልጄን ላዋርዳት? እግር ምን አለው።» ቀጥሎም «ቤት ስንገባ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ስትመጣ ፊቷን አያለሁ፤ እተወዋለሁ» አለ።

አየሽልኝ? እኔ ያዳንኩት ይመስለኝ ነበር። ካልሆነም የበደልኩት። ለካ ሁለቱም አይደለም። ሰውዬው ሐኪም ፊት እንዳላፍር ብሎ፣ ለይሉኝታ፣ የገዛ እግሩን፣ ዛፉን፣ ንቡን፣ የሚፈልገውን ሞት ሰጥቶኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲሰጠኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ሹራብ ገዛሁለት።

ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። ዞሬ በፊት ለፊቱ መንገድ፣ እግሬን እያስጮኽኩ መጣሁ። ባለሙያው ሄዷል። አያቴ በካፊኖኖ «መጣሽ?» አለኝ። «መጣሁ» አልኩት። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልናገር ልናገር አልኩና ተውኩት። ሰማሁህ ብዬ ብነግረው እሱ ያፍራል። ይቅር በለኝ ብዬ ብለምነው «ለምኑ?» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ አብሬው ተቀመጥኩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አወራሁለት። እሁድ ተመለስኩ። እንዲህ እያልን ወራት አለፉ፤ እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልተናገርኩ።

ክረምት ሲገባ ሳል ያዘው። ሳምንት ሳይሞላ መተንፈስ አቃተው። እኔ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። ለክትባት ወደ መንደሩ የመጣች ጤና ረዳት አገኘንና አስገባናት። ካፊኖኖ አትችልም፤ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣች ልጅ ናት። ደረቱን አዳመጠች። ወንዶቹ ዜናውን ሰምተው ቃሬዛ ሠርተው መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ ቀድሞ የተሸከሙት ናቸው።

«ሳንባቸው ነው» አለችኝ። «ዛሬ ሐኪም ቤት ከደረሱ መድኃኒት አለው፣ ሊተርፉ ይችላሉ። እዚህ ግን ምንም ላደርግላቸው አልችልም። ይሄዱ እንደሆነ ጠይቂያቸው።»

ጠየቅኩት። መጠየቁ እንኳ ለወጉ ነው፤ ሰምቷታል።

«አልሄድም» አለ በቋንቋችን። እየቆራረጠ ነው የሚናገረው። «ቤቴ ነኝ። አታንሡኝ።»

ልጅቷ «ምን አሉ?» አለችኝ።

ቤቱ ሁሉ አየኝ። አክስቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከበሩ የቃሬዛው ጫፍ ይታየኛል። አንዲት ቃል ናት፤ ያቺኑ የድሮዋን ቃል ብደግማት ያነሡታል፣ ግማሽ ቀን ነው መንገዱ፣ ይተርፋል። እሱም ዝም ይላል። ዝም እንደሚለኝ አውቃለሁ! አያጋልጠኝም። እንደገና ይሰጠኛል።

እጁን ያዝኩ።

«አልሄድም ብለዋል» አልኩ በአማርኛ። «ቤቴ ነኝ፣ አታንሡኝ ብለዋል።»

«እርግጠኛ ነሽ? እንደዚህ ነው ያሉት?»

«እንደዚህ ነው ያሉት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

አያቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማኝ። ሳያየኝ እጄን ጨበጥ አደረገ።

«ጎሽ» አለኝ፤ በአማርኛ።

አክስቴ ጠጋ አለችና «ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያቺን ቃል አላስተረጎምኩላትም።